በጎማና በድር የተለካ ቁመት

ልጅ እያለሁ በየመስቀሉ ዋዜማ አለቅስ ነበር። ችቦው ተቀጣጥሎ የግቢው ልጅ ሁሉ እሳቱን እየዞረ ሲጮህ፣ እኔ ከአዮ ቀሚስ ኋላ ተሸጉጬ ዓይኔን አሻለሁ። አዮ የምላት ያሳደገችኝን እናቴን ነው። ጎንበስ ትልና በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች ‹‹ጭሱ ነው፤ ጭሱ ገብቷት ነው›› ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ነፋሱ በየትም በኩል ቢነፍስ፣ እኔም በየትኛውም ጎን ብቆም፣ ጭሱ የሚመርጠው የእኔን ዓይን ብቻ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእኔ ከአንጀት ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ የሚጠይቀኝም አልነበረም።

የተወለድኩት አምቦ ነው፤ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ በኦቦ ደበላ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የኋላ ክፍል። ኦቦ ደበላ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ ጫልቱ፣ አዮ ያልኳችሁ፣ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ትሠራለች። የወለደኝ አባቴ አንጁሎ ደግሞ ተከራያቸው ነበር፤ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ። የወለደችኝ እናቴ አራስ ቤት ሳለች ሞተች። ወይዘሮ ጫልቱ ልጅ አልነበራትም፤ እኔን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእጇ አላወረደችኝም። ስሜንም ያወጣችው እሷ ናት። ቦንቱ አለችኝ፣ ኩሩ ማለት ነው። አባቴ ‹‹እሺ፣ ኩሩ ትሁን›› ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ ይባላል። ጉድጓድ ስል ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚያስገባባት ጉድጓድ ናት። እኔ ያደግሁት ከዚያች ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጬ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ አንገቴን እያመላለስኩ ነው።

ለጋሞ ሰው መስቀል፣ ማለትም ማስቃላ፣ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባበት በዓል ነው። የትም ይሥራ፣ የትም ይኑር፣ በማስቃላ አገሩ ይገባል። ከመስከረም መባቻ በኋላ አምቦ ያለው የሸማኔዎች ሰፈር ጭር ይል ነበር፤ ሁሉም ያመረተውን ሸጦ፣ ለሚስቱ ልብስ፣ ለእናቱ ቅቤ ገዝቶ አውቶቡስ ላይ ነው። አባቴ ግን ሕፃን ይዞ ያን ሁሉ መንገድ ፈራና ቀረ። ስለዚህ ማስቃላን ወደ ክፍላችን አመጣት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ቃሪያውን ወቅጦ ዳጣ ያዘጋጃል፤ ሽታው ዋናው ቤት ድረስ ይደርስና አዮ ስታስነጥስ ይሰማናል። ከገበያ ትኩስ ቆጮ ይገዛል፣ ቅቤ ያቀልጣል። በሩ ላይ ትንሽ ችቦ አብርቶ ‹‹ዮ ማስቃላ!›› ይላል። እኔም ‹‹ዮ!›› እላለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

ከዚያ ትልቁ ነገር ይመጣል። ከበሩ መቃን ጋር አስጠግቶ ያቆመኝና አንዲት የድር ክር ከተረከዜ እስከ አናቴ ዘርግቶ ይቆርጣል። በቁመቴ ልክ የተቆረጠችው ክር በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ በሚሸመነው ጋቢ ውስጥ ትገባለች። ሲጨርስ ራሴን በቅቤ ዳበስ ያደርግና ‹‹በይ፣ አሁን ዓመቱ ገባልሽ›› ይለኛል። ዓመት በክር ተለክቶ እንደሚገባ፣ ካልለኩት ደግሞ በር ላይ ቆሞ እንደሚመለስ በሙሉ ልቤ አምን ነበር። ይህ የጋሞ ሁሉ ልማድ ይሁን የአባቴ ፈጠራ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የሚያውቁትን ስጠይቅ ይስቃሉ እንጂ አይመልሱልኝም።

ሰባት ዓመት በሞላኝ መስቀል ለካኝ፣ ክሯን ግን ሳይሸምናት ታመመ። ጥር ላይ ሳል ሲጠናበት ኦቦ ደበላን አስጠርቶ ተነጋገሩ። የኦቦ ደበላ አባት ከሸነን መጡ። እኝህ ሰው ለእኔ በኋላ አካኮ፣ አያቴ፣ የሆኑት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠበ፣ በጅባት በኩል ሰው ሲጣላ እሳቸው ሳይቀመጡ እርቅ አይያዝም የሚባልላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ፤ አባቴን ደግፈው አወጡት። አካኮ ራሴ ላይ ቅቤ አድርገው ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ቦንቱ የደበላ ልጅ ናት። አይደለችም የሚል ሰው ቢኖር እሱ ራሱ የአባቱ ልጅ አይደለም›› አሉ። ጉዲፈቻ እንዲህ ነው፤ ቃሉ አንዴ ከወጣ አይመለስም። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ከፍቅር የመጣ ዝምታ ነው። በጉዲፈቻ ሕግ ልጅን ‹‹የሰው ልጅ ነሽ›› ብሎ ማስታወስ ነውር ነው፣ እና የእኛ ቤት ሰዎች ነውሩን ለመሸሽ ብለው ከነውሩ በላይ ሄዱ። የአባቴን ስም የሚጠራ ጠፋ። የሽመና ዕቃው ለጓደኛው ለጋሽ ቶማ ተሰጠ፣ ጉድጓዷ በአፈር ተሞላች፣ ክፍሏ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራየች። የአባቴ ነገር ተጠቅልሎ የማላውቀው ቦታ ተቀመጠ፣ ማስቃላም አብራ።

እንዳታዝኑልኝ ግን። ደስተኛ ልጅ ነበርኩ፤ ለዚያውም የተሞላቀቀች። ኦቦ ደበላን አቦ፣ አባዬ፣ ማለት የጀመርኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። ኢሬቻ ሲደርስ አዮ እንደ እሷ ያለ ነጭ ቀሚስ ታሰፋልኛለች፤ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ አስይዛኝ ወደ ወንዙ ስንወርድ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ፊት እሄዳለሁ። ሣሩን ውሃ ነክራ ስትረጨኝ ብርዱ አንገቴ ውስጥ ሲገባ የነበረውን ሳቅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በመስቀል ዋዜማ አካኮ ከሸነን ይመጣሉ፣ ጉባ ይለኮሳል። ጉባ የሚሉት የዋዜማውን እሳት ነው። ይመርቃሉ፣ ‹‹ሃ ታኡ፣ ይሁን›› እንላለን። ያ በዓል የእኔ ነበር፣ አልተዋስኩትም። ነገር ግን እሳቱ ሲነድ ‹‹ዮ›› የሚል ሰው እጠብቃለሁ። የሚል ይጠፋል፣ ክር የሚዘረጋ ይጠፋል፣ ከዚያ ጭሱ ይጀምራል።

ችግሩ ትምህርት ቤት ነው የታወቀኝ። አራተኛ ክፍል ስገባ በሰልፍ ከፊት የምቆመው እኔ ነበርኩ፣ በትጋት ሳይሆን በማጠር። ‹‹ሚጢጢ›› ይሉኛል። ሦስተኛ ክፍል አብራኝ ትቆም የነበረች ጓደኛዬ እንኳን ክረምቱን ተመዝዛ ወደ ኋላ ሄደች። ምክንያቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዓመቱ አልገባልኝም ነበራ! አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም አልለካኝም፣ ስለዚህ ገና ሰባት ዓመቴ ላይ ቆሜያለሁ። ሌሎቹ ልጆች ዓመት በዓመት ላይ ሲጨምሩ እኔ እዚያው ነኝ። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ትልልቆቹ እንዴት እንደማይታያቸው ይገርመኝ ነበር።

አቦ ልቡ ስስ ነው፤ ማጠሬን እያነሳሁ ስነፋረቅ ክረምቱ ሳይገባ አንድ መላ አምጥቶ ነበር። ሱቁ ወስዶኝ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ላይ ቀጭን የጎማ ሰንጥቅ ቆረጠና በቁመቴ ልክ አደረገው። ‹‹ይኸው፣ መስከረም ላይ ስንለካሽ ከዚህ አልፈሽ ካልተገኘሽ ጢሜን እላጫለሁ›› አለ። ሰንጥቁን ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀለው። ከዚያ እንዳይጠቀለል ብሎ ከታች የከባድ መኪና ብሎን አንጠለጠለበት። ጎማ በማንሳትና በመጠገን ያረጀ ሰው፣ የጎማን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ልጁን ለመለካት ሲሆን ሁሉንም ረሳው። ብሎኗ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ተንጠልጥላ ሥራዋን ሠራች።

መስከረም ላይ ለካኝ። ሰንጥቁ ከራሴ አልፎ አየር ላይ ቀረ። አቦ ጫማዬን ተመለከተ፣ ወለሉን ተመለከተ፣ ‹‹ቀጥ ብለሽ ቁሚ እስቲ›› አለኝ። ቀጥ ብያለሁ። እንደገና ለካኝ፣ አሁንም አጥሬያለሁ። ጎማውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ እኔ ግን ሁሉን አይቼ ነበር። እስከዚያ ቀን አለማደጌን ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን ጭራሽ ወደ ኋላ መመለስ ጀምሬያለሁ፤ እንዲህ እያለ ከሄደ አንድ ቀን ጉልበት ሥር የምጠፋ መሰለኝ። ጢሙንም አልተላጨም።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ አልቻልኩም። መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ሸማኔዎቹ ሰፈር ወረድኩ። ሰፈሩ እንደተለመደው ጭር ብሏል፣ ጋሽ ቶማ ብቻ ነበር፤ ሚስቱ አራስ ስለነበረች ያን ዓመት አገሩ አልገባም። ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ ሲያየኝ እጁ መወርወሪያው ላይ ደረቀ። ‹‹ክር ለካኝ›› አልኩት፣ ሰላምታ እንኳን ሳልሰጥ። ‹‹እናትሽና አባትሽ ያውቃሉ?›› አለኝ። አንገቴን ስደፋ ራሱን ነቀነቀ። ‹‹ልለካሽ እፈልግ ነበር፣ የአንጁሎ ልጅ። ግን ማስቃላ ተደብቆ አይሆንም፤ አስፈቅጂና ነይ።›› ፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ ዓይኔ እንዳበጠ ወጣሁ።

የጋሽ ቶማ በር ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከገበያ ሲመለሱ አገኙኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ምላሳቸው ግን ሁልጊዜ ከእሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና አብረዋቸው ላሉት ሴት ‹‹ምን ይደረግ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ›› ብለው ሳቁ። ተረቱን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ጥዬ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ‹‹አህያዋ እኔ ነኝ ወይስ ጋሽ ቶማ?›› የሚል ነበር።

ግቢው ተናወጠ። ምን እንደተባልኩ፣ ማን እንዳለኝ፣ የት እንደነበርኩ አንድ በአንድ አወጣጡኝ። አቦ የጎማ መፈልቀቂያውን ይዞ ተነሳ፤ አዮ በሩ ላይ ቆማ አስቀረችው። ጉዲፈቻን ያፈረሰ አፍ ነው የተከፈተው፣ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔን የገረመኝ ግን አዮ ናት። በእትዬ ዘነቡ አልተቆጣችም። እኔ ፊት በርከክ ብላ ሁለት ትከሻዬን ያዘችና ‹‹ልትሄጂ ነው?›› አለችኝ። ወዴት እንደምሄድ አልገባኝም። እንባዋ ሲወርድ ሳይ ግን እኔም አለቀስኩ፣ ያኔ ደግሞ ጭስ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። እኔ ዓመቴ እንዲገባ ነበር የፈለግሁት፤ እሷ ደግሞ የዚያን ቀን ማታ ልብሴን አጥፋ አጥፋ ስታስቀምጥ አደረች፣ የሚወስደኝ ሰው የመጣ ይመስል።

በማግስቱ አካኮ ከሸነን ደረሱ። ከኋላቸው ሁለት ሰው የተሸከመው በቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ጥቅል አለ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ነገሩን ሰሙ፣ ‹‹ሽማግሌዎቹን ጥሩ፣ ዘነቡንም ጥሩ፣ ያን ሸማኔም ጥሩ›› አሉና ቁጭ አሉ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። እኔ ጓዳ ተደብቄ በቀዳዳ አያለሁ። ፍርዱ ምን እንደሚሆን አውቄዋለሁ፤ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ሕጉ ደግሞ ዝም ማለት ነው። ከዛሬ በኋላ ሸማኔ ሰፈር እንዳልረግጥ፣ ማስቃላ የሚባል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ሊፈርዱ ነው ብዬ ቆረጥኩ። እንዲያ ከሆነ ሰባት ዓመቴ ላይ ቀርቼ ላረጅ ነው።

እትዬ ዘነቡ ቀድመው ተነሱ። ‹‹አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አጥፍቻለሁ፤ እግዜር ያውቃል በክፋት አይደለም›› ብለው አንገታቸውን ደፉ። አካኮ ወደ ጓዳው ዞሩ። ‹‹ቦንቱ፣ ኮቱ፣ ነይ እዚህ›› አሉ። ከጓዳ ወጥቼ መሐል ላይ ቆምኩ። ‹‹ሸማኔው ዘንድ ምን ፈልገሽ ነው የሄድሽው?›› ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አዮ መሬት መሬቱን ታያለች።

ስሜ ኩሩ ነው ብያችኋለሁ። አፌን ከፈትኩና ሁሉንም አፈሰስኩት፤ ዳጣውን፣ ችቦውን፣ የበሩን መቃን፣ ክሩን፣ ቅቤውን። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ዓመት እንዳልገባልኝ፣ በዚህም ምክንያት በሰልፍ ከፊት እንደምቆም ነገርኳቸው። ‹‹አሁን ደግሞ እያነስኩ ነው! ካላመናችሁ አቦን ጠይቁት፣ በጎማ ለክቶኝ አይቷል›› አልኩ። ዓይን ሁሉ ወደ አቦ ዞረ። አቦ ፊቱ ደም መስሎ ከኪሱ የጎማውን ሰንጥቅ አወጣ። አካኮ ተቀበሉት፣ በሁለት እጃቸው ያዙና ሳብ አደረጉት። ረዘመ። ለቀቁት፣ አጠረ። ደግመው ሳቡት። ‹‹በዚህ ነው ልጅ የለካኸው?›› አሉት። ‹‹እንዳይጠቀለል ብሎን አንጠልጥዬበት ነበር›› አለ አቦ፣ በቀጭን ድምፅ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ‹‹ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!›› አሉና ሳቃቸውን በነጠላቸው ለማፈን ሲሞክሩ ባሰባቸው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ጋሽ ቶማ፣ በመጨረሻ አቦ ራሱ ሆዱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ያለ ልክ የሚያጋንን ሰው ‹‹በደበላ ጎማ ለክተኸው ነው?›› ይባላል።

አካኮ ብቻ አልሳቁም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ዱላቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ። ‹‹እንሰት ስናዛውር ከነአፈሩ ነው የምናነሳው። አፈሩን አራግፎ የተከለ ሰው ቅጠሉ ሲጠወልግ ዝናቡን ይከሳል። እኛ ሕጉን ያወጣነው ሰው ልጅቷን እንዳያስከፋት ነው እንጂ ልጅቷ አባቷን እንዳታነሳ አይደለም። ያጠፋችው ዘነቡ ብቻ አይደለችም፤ እኛም አጥፍተናል›› አሉ። አዮ ያኔ ቀና አለች። በሽማግሌ ፊት አትናገርም ነበር፣ ግን ተናገረች። ‹‹አባባ፣ ከለመደችውስ? ከሄደችብኝስ?›› አለች።

አካኮ ወደ ጋሽ ቶማ ዞሩ። ‹‹አንተ፣ በእናንተ አገር በማስቃላ ሰው የት ነው የሚሄደው?›› ጋሽ ቶማ ቆቡን አውልቆ ብድግ አለ። ‹‹የት ይሄዳል ኦቦ? ወደ ቤቱ ነው እንጂ።›› ‹‹የቦንቱ ቤት የት ነው?›› ጋሽ ቶማ ጥያቄው ግራ ገባው፤ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ እኔን አየ፣ አዮን አየ። ‹‹እዚሁ ነዋ፤ ሌላ የት አላት?›› አለ። አካኮ ‹‹ሰማሽ ጫልቱ?›› ብለው ተነሱ። ፍርዱ ያ ነበር።

እንደዚያ ዋዜማ ያለ ቀን በሕይወቴ አላየሁም። የአካኮ ጥቅል ሲፈታ ውስጡ ቆጮ ሆኖ ተገኘ። እኔ ቆጮ የአባቴ ሰዎች ብቻ የሚበሉት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አካኮ ሸነን ከቤታቸው ጀርባ እንሰት አላቸው፣ ወርቄ ይሉታል፣ እሱን በልተው ነው ያደጉት! ‹‹ምነው ጠይቀሽኝ በሆነ፣ ኢንታላ ኮ›› አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አዮ ዳጣውን እኔ እየነገርኳት ወቀጠች፤ ዝንጅብል አበዛችና ግቢው በሙሉ አስነጠሰ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ እኔ ለእትዬ ዘነቡ እንዳጎርስ አካኮ አዘዙ። በማስቃላ ቂም ይዞ እሳት ዳር አይቆምም ብሎ ጋሽ ቶማ መሰከረላቸው፤ በዚህ ሁለቱ አገር አንድ ነው። ሴትዮዋ ጉርሻዬን ዋጥ አድርገው ከዳጣው የተነሳ እንባቸው ፈሰሰ፣ ደግሞ አምጪ አሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጉባው ተለኮሰ። አካኮ ቆመው መረቁ፣ ‹‹ሃ ታኡ›› አልን። ከዚያ ጋሽ ቶማ ችቦውን ከፍ አድርጎ ‹‹ዮ ማስቃላ!›› ሲል ግቢው እርስ በርሱ ተያየ፤ ማን እንደሚመልስ አያውቅም። ‹‹ዮ!›› ብዬ ጮህኩ፣ ብቻዬን። በሁለተኛው ላይ አቦ አብሮኝ ጮኸ። በሦስተኛው ላይ አዮ፣ አካኮ፣ እትዬ ዘነቡ፣ የኋላ ክፍሉ ተከራይ ተማሪ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ሁሉም! አምቦ እንዲህ ያለ ‹‹ዮ›› ከዚያ በፊት ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ጋሽ ቶማ ከኪሱ አንዲት ቀሰም አወጣ፤ ሸማኔ ማግ የሚጠቀልልባት ሸምበቆ ናት። ላይዋ ላይ አንዲት ክር ብቻ ነበረች። አባቴ ታሞ ሳይሸምናት የቀረችው ክር! ከሽመና ዕቃው ጋር አግኝቶ፣ የማን ቁመት እንደሆነች ስለሚያውቅ፣ ‹‹አንድ ቀን ትጠየቃለች›› ብሎ አስቀምጧት ኖሯል። በዚያው በአሮጌው የበር መቃን አቆመኝ። አሮጌዋን ክር ከተረከዜ ጀምሮ ወደ ላይ ዘረጋት። አገጬ ሥር ስትደርስ አለቀች። ‹‹እዚህ ነበርሽ›› አለ ጣቱን አገጬ ሥር አድርጎ። ከዚያ አዲስ ክር ከአገጬ አልፎ፣ ከአፍንጫዬ አልፎ፣ ከግንባሬ አልፎ እስከ አናቴ ወሰደና ቆረጠ። ‹‹አሁን ደግሞ እዚህ ነሽ።›› ሁሉንም ዓመት አንድ ላይ አስገባልኝ። እልልታው ሲቀልጥ አቦ ትከሻው ላይ ሰቀለኝ፤ ከእሳቱ በላይ፣ ከሰዉ ሁሉ በላይ ሆንኩ። አዮ እጇን ዘርግታ ራሴ ላይ ቅቤ አደረገችልኝና እንዴት እንደሚባል ጋሽ ቶማን ጠይቃ ‹‹ዓመቱ ገባልሽ›› አለችኝ። ያን ቀን ጭሱ የማንንም ዓይን አልነካም።

በሚቀጥለው እሁድ ኢሬቻ ወረድን፣ ቅቤው ገና ከፀጉሬ ሳይለቅ። ከሴቶቹ ፊት ፊት ሄድኩ፣ አሁን ግን ትልቅ ሰው ሆኜ። ሁለቱ ክሮች አንድ ጋቢ ውስጥ ገቡ፤ ጋቢው ለአቦ ሆነ። ‹‹ድር ቢያብር›› ብላችሁ እንዳትጀምሩኝ፣ ያን ጊዜ ተረቱን ሃምሳ ሰው ነግሮኛል። በሰልፍ ከፊት መቆሜ ግን አልቀረም፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል። ለውጡ ‹‹ሚጢጢ›› ሲሉኝ መልስ ያለኝ መሆኑ ነው፤ ክር አለኛ።

ያ መስቀል በሁለት ሺህ ሰባት ነበር። ዛሬ ጎጆ በምትባል ከተማ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሥራዬ መለካት ሆኗል፤ ገና የተወለደ ልጅ ከእጄ ሲገባ ቁመቱን በሜትር እለካለሁ፣ እናቱ ስታየኝ ‹‹ዓመቱ ገባለት›› እላታለሁ፣ ትስቃለች። አካኮ የሉም፤ እንሰታቸው ግን አለ፣ ጥቅሉ በየመስከረሙ ይመጣል። ያ ጎማም አቦ ሱቅ ውስጥ አሁንም ከነብሎኑ ተሰቅሏል፤ ዛሬ ከእኔ ይረዝማል። ያኔ ዓመቱን ለማስገባት ክር፣ ቅቤና የሚጮህ ጎረቤት ያስፈልግ ነበር። አሁን በቴሌግራም በተላከ የአደይ አበባ ሥዕል ይገባል፤ መቶ ሰው ይልክልኛል፣ አንዱም ቁመቴን አያውቅም። በእኛ ግቢ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ፣ በዋዜማው የበሩ መቃን ላይ ይሰለፋል። ለኪዋ እኔ ነኝ። ከክሮቹ የሚሸመነው ጋቢ ከማን ቁመት እንደተሠራ እንኳን አይታወቅም፣ የሁሉም ሆኗል።

አዮ ያን ጊዜ የፈራችው በዓል ነው በየዓመቱ ወደ እሷ የሚያመጣኝ። ለማስቃላ ሰው ቤቱ ይገባል። ባለፈው መስቀል ዝናቡ አልተወም ነበር፤ የጎጆን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኢሱዙዋ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች፣ ወርደን ገፋን፣ ደግሞ ተቀረቀረች። ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። አምቦ ስደርስ የከተማው እሳት ሁሉ ነዶ ፍም ሆኗል። ሳልደርስላቸው ጨረሱ ብዬ ከነጭቃዬ እየሮጥኩ ወደ ግቢያችን ታጠፍኩ።

ልጆቹ መቃኑ አጠገብ ተሰልፈው ቆመዋል። አቦ ክብሪት በእጁ ይዞ ወንበር ላይ አንቀላፍቷል። አዮ በሩ ላይ ነበረች፣ ክሩን በጣቷ ጠቅልላ፣ ማንም እንዳይለኩስ ከልክላ። ስታየኝ ጠጋ አለችና ጭቃዬን ከነምኑ አቀፈችኝ። ዛሬ ራሷ አገጬ ሥር ነው የምትደርሰው። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቷል፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግሁላት።

‹‹ጭሱ ነው›› አለችኝ።

ጉባው ገና አልተለኮሰም ነበር።